ዘጠኙ የደረቁ ዘለላዎች

በአንድ ወቅት፣ እሱም ሩቅ አይደለም፣ መኪናም ስልክም ባለበት ዘመን፣ በፋርስ ምድር፣ የአርመኖችን አገር ከሚለየው ወንዝ ወዲህ፣ ሰንግባር የምትባል የተራራ መንደር ነበረች። በመንደሯ ሰማንያ የሙስሊም ቤትና አንዲት ክርስቲያን ሴት ነበሩ። ክርስቲያኗ ታኩሂ ትባላለች፤ አርመን ናት፤ ዕድሜዋ ሰባ አራት። የመንደሩ ሰው «ታኩሂ ባጂ» ይላታል፤ ባጂ በነሱ ቋንቋ እህት ማለት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ስልሳ የአርመን ቤት ነበረ፤ በጥቁርና በቀይ ድንጋይ የተሠራችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን በበዓል ቀን ሰው አልይዝ ብላ ግቢው ይጨናነቅ ነበር። ኋላ ግማሹ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ወገኖቹ ሄደ፤ ግማሹ ከተማ ገባ፤ የቀረውን ሞት ለቀመው። መጨረሻ ላይ ታኩሂና ባሏ አቬዲስ ቀሩ። ከዚያ አቬዲስም ሄደ፤ እሱ የሄደው ከቤተ ክርስቲያኗ ጀርባ ወዳለው መቃብር ነው።

አሁን ልማዳቸውን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የቆመው በሱ ላይ ነውና ጆሮ ስጡኝ። አርመኖች የዓመቱን ወይን ሳይባረክ አይቀምሱም። እኛ በነሐሴ ፍልሰታን እንደምንፈታ፣ እነሱ በዚያው በእመቤታችን በዓል ሰሞን፣ እሑድ ቀን፣ ወይን ያስባርካሉ። ካህን ይጸልያል፣ ደወል ይደወላል፣ ፍሬ አፍ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ የቀመሰ ጾም እንደ ገደፈ ይታያል። የሚባረከውም ከየትም የመጣ ወይን አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያኗ ግድግዳ ላይ ከወጣው አሮጌ ሐረግ የተቆረጠ ነው።

በሰንግባር ደግሞ በዚህ ላይ አንድ ነገር ተጨምሯል። ከተባረከው ወይን የመጀመሪያው ዘለላ ከቤተ ክርስቲያኗ ቁልፍ ጋር በቀይ ክር ይታሰራል። ከዚያ ቁልፉን ይዞ የከረመው ሰው፣ በዚያ ዓመት ለቤተ ክርስቲያኗ ከሁሉ በላይ ለደከመላት ሰው ያስረክበዋል። ተቀባዩ የመጀመሪያዋን ፍሬ ይጎርሳል፤ ቀጥሎ ሰጪው፤ ቀጥሎ ሕዝቡ። ተቀባይ ሳይጎርስ ሰጪ አይጎርስም። ይቺን ነገር እንዳትረሷት።

ሁለት ብቻ ሲቀሩ ታኩሂና አቬዲስ «ዘንድሮ የደከምሽው አንቺ ነሽ»፣ «ኧረ አንተ ነህ» እየተባባሉ ቁልፉን ሃያ ዓመት ተቀባበሉት። ቴር ኔርሴስ የሚባሉ ካህን በዓመት አንዴ ከከተማ እየመጡ ይባርኩላቸው ነበር፤ ቴር እንደኛ አባ ማለት ነው። ጎረቤቶቻቸውም ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ የአርመኖች ደወል ሳይደወል የገዛ ወይናቸውን አይቆርጡም። ማንም አላዘዛቸውም። አያቶቻቸው «ጎረቤት እየጾመ እንዴት ይበላል?» ሲሉ ሰምተው ያደጉ ናቸው።

አቬዲስ የሞተ ጊዜ ለቀብር ከመጡት መካከል ሮስቶም ነበረበት። ሮስቶም የታኩሂ የወንድሟ ልጅ ነው። እሷ ወልዳ አታውቅም፤ እሱን ግን ከአራት ዓመቱ ጀምራ ያሳደገችው እሷ ናት። አድጎ ዋና ከተማ ገብቷል።

«አክስቴ፣ ነይ ከኔ ጋር እንሂድ» አላት።

«ደወሉንስ ማን ይደውላል?»

«ለማን ነው የሚደወለው?»

«ለጎረቤቶቼ። ወይናቸው ሐረጉ ላይ ይበሰብስባቸዋል።»

ሮስቶም ተናደደ። ተናዶ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ስልክ ይደውላል እንጂ እግሩ ሰንግባርን አልረገጠም።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ካህኑ አልመጡም። ታኩሂ በበዓሉ እሑድ ጠዋት ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ በሩን ከፍታ፣ አሥራ ሁለት ዘለላ ቆርጣ፣ መንገድ መንገዱን ስታይ ዋለች። ቀትር ሆነ። ጎረቤቶቿ ቅርጫታቸውን አሰልፈው ደወሏን ይጠብቃሉ፤ ልጆቻቸው ምራቃቸውን ይውጣሉ። ታኩሂ አሰበች። ለአንዲት አሮጊት ብሎ ካህን ይህን ተራራ አይወጣም፤ ምን ብዬስ ልጥራቸው አለች። ገመዱን ይዛ ደወሉን ደወለችው።

መንደሩ በላ። እሷ አልበላችም፤ አልተባረከማ። ከቆረጠችው አንዱን ዘለላ ቤቷ ወስዳ፣ ካህን ሲመጣ ይባረካል ብላ፣ ጓዳዋ አግዳሚ ላይ በክር አንጠለጠለችው። ቀሪውን፣ ጎረቤቶቿም በሰሃን የላኩላትን ጨምራ፣ ለዶሮዎቿ ሰጠች።

በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ሆነ። በሚቀጥለውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደወሉን እየደወለች መንደሩን አበላች፤ ዘጠኝ ዘለላ ጓዳዋ ውስጥ ደረቀ፤ ዶሮዎቿ በወይን ወፈሩ። የወይን ባለቤት ናት፣ ወይን ትገርዛለች፣ ወይን ትቆርጣለች፣ ወይን አትቀምስም። በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ግድግዳዋን ተደግፋ ቁጭ ትልና ከወዲያ የሚመጣውን ሳቅና የሰሃን ኳኳታ ትሰማለች። የሚያስለቅሳት እሱ ነበር። ያማራት ከሰው ጋር መብላት ነው። ለጎረቤቶቿ እንዳትነግራቸው ደወሉ ባዶ ደወል እንደነበረ ሊያውቁ ነው፤ ከዚያ በኋላ እሷን ትተው አይበሉም። ሆድ ይፍጀው አለችና ዝም አለች።

በአሥረኛው ዓመት፣ በየካቲት፣ በረዶው መሬቱን እንደሸፈነ ምድር ተንቀጠቀጠ። ሰው አልሞተም፤ ወደ መንደሩ የሚያስገባው ድልድይ ግን ወደቀ፤ የቤተ ክርስቲያኗ ጉልላትም ከመንበሩ በላይ በር የሚያህል ተቀደደ። ታኩሂ ብርዱ ውስጥ ቆማ የወደቀውን ድንጋይ ስትለቅም ውላ ታመመች። ጎረቤቷ ሶልማዝ ልታስታምማት ገባች። ሶልማዝ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሞቶባታል፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፤ የባሏ ወንድሞች በአንድ ግቢ ይኖራሉ፣ ዓይናቸውም ከሷ ላይ አይነሳም።

ሶልማዝ ለሾርባ የሚሆን ዱቄት ፍለጋ ጓዳ ገባች። ቀና ስትል ዘጠኙን ዘለላዎች በተርታ አየቻቸው፤ የመጀመሪያው ጠቁሮ እንደ ድንጋይ ደርቋል፣ የመጨረሻው ገና ዘቢብ ነው። ወጥታ ጠየቀቻት።

«ታኩሂ ባጂ፣ ምንድን ናቸው?»

ታኩሂ ትኩሳት ላይ ስለነበረች አመለጣትና ሁሉንም ነገረቻት። ኋላ ደነገጠች። «ለማንም እንዳትናገሪ። በልጆችሽ ማይልኝ» አለቻት።

«በልጆቼ» አለች ሶልማዝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተናገረች።

የነገረችው ለኡስታ ፈረጅ ነው፤ ኡስታ ባለሙያ ማለት ነው፤ ፈረጅ የመንደሩ ግንበኛ ነው፤ ሰባ ሁለት ዓመቱ፤ ከአቬዲስ ጋር አብሮ አደግ።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል» አለ። «እኛ ሰማንያ ቤት ሆነን ዘጠኝ ዓመት ብቻችንን በላን።»

በነጋታው ወሬው ከቤት ቤት ገባ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የመጨረሻዋ ሰሚ ታኩሂ ሆነች። ሶልማዝ ሾርባ ይዛ ስትመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችባት። ሾርባውን ግን ጠጣችው።

በሚያዝያ ወር ከታች ከተማ የመጣ ሐኪም ደረቷን አዳምጦ ልቧ መድከሙን ነገራት፤ የሚመጣውን የበረዶ ወራት በዚህ ተራራ ላይ ብቻዋን እንዳትከርም አስጠነቀቃት። እንጨት መፍለጥ፣ በረዶ መጥረግ አይሆንም። ሶልማዝ ለሮስቶም ስልክ ደውላ ነገረችው፤ እሱም ከበዓሉ ማግስት እወስዳታለሁ አለ። ታኩሂ አልተከራከረችም። ትሄዳለች ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ነሐሴ የምታስረክበው ቁልፍ ተመልሶ እጇ አይገባም፤ የምትሰጠው ሰው የቤተ ክርስቲያኗ የመጨረሻ ባለ ቁልፍ ነው።

ሦስት ሰዎች ተነሡ። ማንም ማንንም አላማከረም።

ኡስታ ፈረጅ ድንጋይ ነበረው። ሁለት ክረምት ሙሉ የጠረበው፣ ለታናሽ ልጁ ለባህራም የሠርግ ቤት ያዘጋጀው፣ አርባ ጥርብ ድንጋይ ነው። በረዶው እንደቀለጠ አንድ በአንድ በአህያ ጭኖ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ አመላለሰው። ባህራም መንገድ ላይ ቆሞ «አባቴ፣ የኔ ቤትስ?» አለው።

«አንተ ገና ወጣት ነህ። ይቺ ዝናብ እየገባባት ነው።»

ፈረጅ ሁለት ወር መሰላል ላይ ከረመ። ባህራም አኩርፎ ከተማ ገባ፤ እጮኛውም ሌላ አገባች፤ ፈረጅ ዛሬ ከሚስቱ ጋር ብቻውን ነው። ጉልላቱ ግን ተዘጋ። ጫፉ ላይ አንድ ድንጋይ ጎደለው፤ የሆነ ቦታ አገኘና እሱንም ዘጋው። የት እንዳገኘው ለማንም አልተናገረም።

ሶልማዝ ውሃ ነበራት። በሰንግባር ውሃ በተራ ነው፤ የምንጩ ቦይ ለየቤቱ በአሥራ ሁለት ቀን አንዴ ለግማሽ ቀን ይለቀቃል። የቤተ ክርስቲያኗን ተራ አቬዲስ ሲሞት ለሌላ ሰጥተውታል፤ ለአንዲት ሴት ምን ያደርጋል ብለው። ምድር ከተንቀጠቀጠ በኋላ ምንጩ ቀጠነ፤ አሮጌው ሐረግ በሰኔ ቅጠሉን ማጠፍ ጀመረ። ሶልማዝ ተራዋ ሲደርስ አካፋዋን ይዛ ወረደችና ውሃውን ከሐብሐብ ማሳዋ አዙራ ወደ ሐረጉ ለቀቀችው። በቀጣዩም ተራ፣ በቀጣዩም። የዓመቱ ቀለቧ የነበረው ሐብሐብ እንዳለ ደረቀ። የባሏ ወንድሞች መጡባት።

«የወንድማችንን ማሳ ለአርመን ሐረግ አደረቅሽው?»

«ሐብሐብ ለከርሞ ይተከላል» አለቻቸው። «ይሄ ሐረግ አይተከልም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያናግሯትም። ሐረጉ ግን አሥራ ስድስት ዘለላ ያዘ።

ሮስቶም ምን ነበረው? ወገብ ነበረው፤ እሱም የታመመ። ሶልማዝ ስልኩን ስትደውልለት ስለ ወይኑም ነግራዋለች፤ «ካህን ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ዘጋው። በሐምሌ ወገቡን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሐኪሞች ከሻይ ማንቆርቆሪያ የከበደ እንዳያነሳ ከለከሉት። ወሩ ሳይሞላ ቴር ኔርሴስን በመኪና ይዞ መጣ። የወደቀው ድልድይ ጋ ሲደርሱ መኪናው ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ የሦስት ሰዓት አቀበት ነው፤ ካህኑ ደግሞ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ጉልበታቸው የማይታጠፍ። ስልክ በዚያ ሸለቆ አይሠራም፤ አህያ የሚያመጣ ሰው ወጥቶ እስኪመለስ ይመሻል። ሮስቶም ጎንበስ አለና «ጀርባዬ ላይ ይታዘሉ» አላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታኩሂ በሯ ላይ ቆማ አንድ ባለ ሁለት ራስ ሰው ዳገቱን ሲወጣ አየች። ሲቀርብ አንዱ ራስ የካህኑ ነው፤ ሌላው የልጇ። ሮስቶም ካህኑን ካወረደ በኋላ ቀና ማለት አቃተው። ጎብጦ ቀረ።

ታኩሂ የካህኑን እጅ ስማ «ቴር፣ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅሁዎ» አለች። ወቀሳ አልነበረም። ያለችው የቆጠረችውን ነው።

ካህኑ ወደ ሮስቶም ዞሩ። ሮስቶም ውሃ እንኳ ሳይጠጣ፣ እንደጎበጠ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ተናገረ።

«እኔ ነኝ አክስቴ። አቬዲስ በሞተ ዓመት ‹ሰንግባር ውስጥ አርመን አልቀረም፣ አክስቴን ወስጃታለሁ› ብዬ ለጳጳሱ ቢሮ ጻፍኩ። ካህን ከቀረ ትመጫለሽ ብዬ ነው። አንድ ዓመት መስሎኝ ነበር። ኋላ አፍሬ ዝም አልኩ።»

ሶልማዝ በር ላይ ቆማ ሰማች፤ ኡስታ ፈረጅም ሰማ። ታኩሂ አልጮኸችም። ዘጠኙ ዓመት በዓይኗ ሄደ፤ ያ ሁሉ እሑድ፣ ያ መንገድ። ካህኑ ንቀዋት የቀሩ መስሏት፣ ለአንዲት አሮጊት አይመጡም ብላ ስታፍር የኖረችው። እሳቸው ደግሞ የለችም ተብለው። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ገብታ ዘይት አሞቀችና የሮስቶምን ወገብ አሸችለት፤ እሱም ትከሻው ላይ ጠብ ያለው ዘይት ብቻ እንዳልነበረ አውቋል።

እሑድ ነጋ። ዘጠኙን የደረቁ ዘለላዎች ከአዲሶቹ ጋር በትሪ አድርጋ መንበሩ ፊት አቀረበች። ሰማንያው ቤት ግቢው ውስጥ ቆመ፤ ወንዶቹ ቆባቸውን አውልቀው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ስበው። ውስጥ ያስቀደሱት አርመኖች ሁለት ናቸው፣ አክስትና የወንድም ልጅ። ቴር ኔርሴስ ጸሎቱን ሲያደርሱ ታኩሂ ዓይኗን ወደ ጉልላቱ አነሳች። ጫፉ ላይ፣ ከአርባዎቹ ድንጋዮች መሐል፣ መስቀል የተቀረጸበት አንድ ድንጋይ አለ። ከመስቀሉ ሥር ስሟ ተጽፏል።

የመቃብሯ ድንጋይ ነው። አቬዲስ በሕይወት ሳለ የሁለቱንም አንድ ላይ አስቀርጾ ነበር፤ የሷ ድንጋይ የሞት ዓመቱ ባዶ ቀርቶ፣ ከመቃብሩ ግድግዳ ሥር ተጋድሞ ይጠብቃት ነበር። በመጀመሪያ ደሟ ፈላ። ባሏ ያስቀረጸላት፣ ከጎኑ ልትተኛበት የነበረ ድንጋይ ነው። ደግማ አየችው። ሞቼም ከዚህ አልወጣም ማለት ነው አለች በልቧ። ልትስቅ ወይ ልታለቅስ አላወቀችም።

ስትወጣ ኡስታ ፈረጅ በር ላይ ቆብ በእጁ ይዞ ጠበቃት።

«አንድ ጎደለኝ» አላት። «ልኩ እሱ ብቻ ሆነ። መቼም ልትሄጂ ነው፤ ቢያንስ ስምሽ ይቅር ብዬ ነው። ሳልጠይቅሽ አደረግሁት፤ ከጠየቅሁሽ እንቢ ትይኝ ነበራ።»

«እንቢ እልህ ነበር» አለች ታኩሂ።

ደወሉ ተደወለ። ዘጠኝ ዓመት ለሌላ ሰው የደወለችው ደወል ዛሬ ለሷም ተደወለ። ካህኑ የመጀመሪያውን ዘለላ፣ ስንዝር ከሚያህለው የብረት ቁልፍ ጋር በቀይ ክር የታሰረውን፣ መዳፏ ላይ አኖሩላት።

ሦስቱን ወደ ፊት ጠራቻቸው። «ቁልፉን ብትይዙ ምን ታደርጉበታላችሁ?» አለች።

ሮስቶም ቀድሞ ተናገረ። «እቆልፋታለሁ። ወንጌሉንና ጽዋውን ሌባ ሳይደርስበት ወደ ከተማው ካቴድራል እወስዳለሁ። በየዓመቱ ለዚህ በዓል ካህን ይዤ እመጣለሁ። በዓመት አንድ ቀን ብትከፈት እንኳ የምትከፈተው ለቅዳሴ ነው። የበደልኩት አንቺንም እሷንም ነው፤ ልካስ።»

ኡስታ ፈረጅ ቆቡን እያሻሸ «እኔ ጸሎታችሁን አላውቅም» አለ። «ድንጋይ ግን አውቃለሁ። በሕይወት እስካለሁ አንዲት ጠጠር አትወድቅባትም። ማንም እንግዳ ሲመጣ እከፍታለሁ። ከኔ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ የሚተካኝ ልጅ አጠገቤ የለም፤ የት እንደሄደ ታውቂያለሽ።»

ሶልማዝ ስትናገር ድምፅዋ አነሰ። «እርስዎ እንዳደረጉት አደርጋለሁ። ጠዋት እከፍታለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ሻማ አበራለሁ፣ ሐረጉን አጠጣለሁ፣ በበዓሉ ደወሉን እደውላለሁ። ክርስቲያን አልሆንም፤ አልዋሽዎትም። የባሌ ወንድሞችም ቁልፉን ከያዝሽ ደጃችን አትድረሺ ብለው ልከውብኛል። እሱን ለኔ ይተዉት።»

ጉምጉምታው ተነሣ። አንዱ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ፤ ቤተ ክርስቲያን የክርስቲያን ነች፣ ለልጁ ይሰጠው» አለ። ከኋላው ያለው «የቱ ልጅ? ዘጠኝ ዓመት ያስጾማት ልጅ?» ብሎ መለሰለት። አንዲት ሴት «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ ፈረጅ የልጁን ቤት ድንጋይ ሰጥቶ ነው ያቆማት» አለች። «የምትሞትበትን ቀን ሳይጠብቅ የመቃብሯን ድንጋይ የወሰደ ሰው ነገ ምን አይወስድም?» አለች ሌላዋ። ስለ ሶልማዝም አልተዉም። «በልጆቿ ምላ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያፈረሰች፣ ቁልፍ አደራ ይሰጣታል?» ሲሉ፣ አንድ ሽማግሌ «ባታፈርስ ኖሮ ዛሬ እዚህ ማን ይቆም ነበር?» አላቸው።

ታኩሂ ወደ ካህኑ ዞረች።

«ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ልባርክ ነው» አሉ ቴር ኔርሴስ። «ዳኝነቱ የባለ ቁልፉ ነው። አባቶችሽ እንዲህ አድርገው ተዉት።»

አቬዲስ ቢኖር ይቀላት ነበር። «ዘንድሮ የደከምከው አንተ ነህ» ብላ ትገላገለው ነበር። አሁን ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ያሳደገችው ልጅ ጎብጧል። የባሏ አብሮ አደግ ልጁን አጥቷል። ሾርባ ያመላለሰችላት ሴት ማሳዋን አድርቃ ባዶ እጇን ቆማለች። ሦስቱም ሳያስፈቅዷት በድለዋታል፤ ሦስቱም ሳትጠይቃቸው ደክመውላታል። ነገ በዚህ ሰዓት እሷ መንገድ ላይ ናት፤ ቤተ ክርስቲያኗ በሰጠቻት እጅ ትቀራለች።

ተርቦች ዘለላውን ከበቡት። ልጆች ምራቃቸውን ይውጣሉ። ሰማንያው ቤት ቅርጫቱን ይዞ ቆሟል፤ ዘንድሮ ማንም ቀድሟት አይበላም። እሷም ዘጠኝ ዓመት ያማራትን፣ ከሰው ጋር መብላትን፣ እጇ ላይ ይዛዋለች፤ ግን ተቀባይ ሳይጎርስ ሰጪ አይጎርስም ብያችኋለሁ።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ ከፈለጋችሁ ተሟገቱ፣ ከፈለጋችሁ ተጣሉ፤ እኔ ለማንም አላደላሁም። ብቻ አሮጊቷ ቆማ ነው ያለችው፤ ልቧም ደካማ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃለችና ብዙ አታስጠብቋት። ያንን ዘለላ በማን እጅ ላይ ታኑረው?